የጋሽ ሽፈራው ቀኝ ጆሮ

ጋሽ ሽፈራው የሞቱት እየተሳደቡ ነው። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር፣ እሳቸው የገጠሙለትን ስፒከር በካቻቢቴ ነቅሎ ሌላ መኪና ላይ ሊያስር ሲታገል ያገኙታል። ፒንሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ኮሌታውን ጨምድደው "እኔም ጆሮህን ነቅዬ ሌላ ሰው ላይ ልግጠመው?" ይሉታል። ከዚያ ፒንሳው ከእጃቸው ይወድቃል፣ እሳቸውም ይከተሉታል። ደም ግፊት ነው ተባለ። ያ የሰደቡት ሹፌር ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ ግን አልነቁም።

ይህን የነገረኝ ናስር ነው፣ ከሞጆ ደውሎ። እኔ ዱከም፣ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። "ወላሂ፣ እንደኖሩት ነው የሞቱት" አለኝ። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። እፎይታ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ሌላ ነገር ተሰማኝ ብል እዋሻለሁ። የኔን ጉድ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ሞተ ብዬ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሱቃቸው አዳማ፣ ወደ ሞጆ መውጫው ላይ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ነበር። ሥራችን የጭነት መኪና ውስጥ ቴፕና ስፒከር መግጠም ነው። እኔ የበሩን ሽፋን ፈትቼ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ እሳቸው ድምፁን ያስተካክላሉ። አጭር፣ አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ የገባ፣ ሲቆጡ መጀመሪያ ጆሯቸው የሚቀላ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሆቴል ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር። ከዚያ የተባረሩት የዘፋኙን ግንባር በድራም እንጨት ስለፈነከቱ ነው። ለምን ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ "አራት ቆጥሬ ሳልጨርስ ቀድሞኝ ገባ።"

ይመቱ ነበር። ይህን የሚያለሰልስ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር "ዝም ብለው ብቻ ይጩህልኝ" ቢላቸው፣ ቁመቱ ስለማይደረስበት የመኪናው መወጣጫ ላይ ወጥተው በጥፊ አጮሉት። እኔንም በመጀመሪያው ወር መበየጃውን እንደጋለ ወርውረውብኝ ክንዴ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ። በማግስቱ የቁስል ቅባት ገዝተው መጡ። ይቅርታ አላሉም። ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ ጥለው "ሽቦው አሁንም ጠማማ ነው" አሉኝ። የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ ስጠላቸው ነው የኖርኩት።

ታዲያ ሰው ለምን ይመጣላቸዋል? ለጆሯቸው ነው። ከሞጆ እስከ አሰላ ያለ ሙዚቀኛ ሁሉ አዲስ ሥራ ሲጨርስ፣ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በፍላሽ ይዞ እሳቸው ግቢ ይመጣል። አንድ መኪና ግቢው መሃል ይቆማል። ሁለቱም የጋቢና በሮች ይከፈታሉ። ባለሙዚቃዎቹ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሌላው ዙሪያውን ይቆማል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ማንም አፉን አይከፍትም። ሲያልቅም አይወራም። ጋሽ ሽፈራው "እጅ" ይላሉ፣ ሁሉም ሰው ሙዚቃው የነካው ቦታ ላይ እጁን ያደርጋል። ባሱ የያዘው ሆዱን ይይዛል። ድራሙ ያንቀጠቀጠው ደረቱን። ዘፋኙ የገባበት ጉሮሮውን። ግንባሩን የያዘ ከበዛ ሙዚቀኛው ፍላሹን አንስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። "ጥሩ ነው፣ ቆንጆ ነው" የሚል ካለ ያቋርጡታል፤ "አፍህማ ወዳጅ ማስደሰት የለመደ ነው። ዝጋውና እጅህን አሳየኝ" ይሉታል። ያልነካውን ቦታ የያዘ ሰው ካለ ከመልኩ ያውቁበታል፤ እጁን መንጭቀው ያወርዱታል።

የ"ሦስት መንገድ" ባንድ ነገር የመጣው በአምስተኛው ዓመቴ ነው። በዚያን ጊዜ በኛ መስመር ሮክ የሚጫወቱ ሦስት ባንዶች ነበሩ፣ አንዱ የአዳማ፣ አንዱ የሞጆ፣ አንዱ የሁሩታ። ደጋፊዎቻቸው አይዋደዱም። አንድ የበዓል ዝግጅት ላይ በጠርሙስ ተወጋግተው ብዙ ሰው ተሰፍቷል። የሁሩታው ባስ ጊታር ተጫዋች ገመቹ ቅንድቡ ላይ የያዘው ስፌት የዚያን ቀን ነው፤ የወረወሩበት የአዳማ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ከየባንዱ አንድ አንድ ምርጥ ሰው ወጥቶ አንድ ባንድ ሠሩ ሲባል ማንም አላመነም። ከአዳማ ኢዮብ፣ ጊታር የሚጫወተውና የሚዘፍነው። ከሞጆ ናስር፣ ኮንቴይነር የሚጭን ሹፌር ሆኖ ጊዜ ሲያገኝ ድራም የሚመታ። ከሁሩታ ገመቹ። አራት ወር ሙሉ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይተው ቀረጹ። ገመቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሱን ታቅፎ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። ተቀርጾ ሲያልቅ ኢዮብ ሁሉንም ቤቱ ወስዶ በኮምፒውተሩ ብቻውን ደባለቀው። ጋሽ ሽፈራው ይህ አልጣማቸውም። "የሦስት ሰው ወጥ አንድ ሰው ብቻውን ጨው አይጨምርበትም" ብለው አጉረመረሙ። ግን እንደዚያን ሰሞን ጓጉተው አይቻቸው አላውቅም፤ ግቢውን ራሳቸው ጠረጉ።

አልበሙ የሚሰማው እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ናስር መኪና ላይ ነበር። ጠዋት የግራው በር ስፒከር ሽቦው ተበጣጥሶ ስላገኘሁት ልቀይረው ተነሳሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሽቦው ልንገራችሁ። ጋሽ ሽፈራው ጥቁር ሽቦ ብቻ ነበር የሚገዙት፤ ቀይ ቶሎ ይሰባበራል ብለው ያምናሉ። ሁለቱም ጥቁር ከሆነ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ በምን ይለያል? በቋጠሮ። ፖዘቲቩን በሁለቱም ጫፍ ትንሽ እንቋጥረዋለን፣ በጨለማም በጣት ዳብሰህ ታገኘዋለህ። ያን ቀን ጥቅሉ አልቆ ነበርና ከሣጥን ውስጥ የድሮ ቁራጭ አነሳሁ። በአንዱ ጫፍ ቋጠሮ ነበረው፣ በሌላው አልነበረውም። የተቋጠረውን ከዚያኛው ጫፍ እስከዚህኛው በጣቴ መከተል ነበረብኝ። አልተከተልኩም። ሰው እየገባ ነበር፣ ቸኮልኩና በግምት ቋጠርኩት። የተሳሳተውን ቋጠርኩ። የግራው ስፒከር ተገልብጦ ታሰረ። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ከሳበ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ቀጭኑ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ጋሽ ሽፈራው ሁልጊዜ ከመስማታቸው በፊት አንድ የሚያውቁትን የድሮ ዘፈን አጫውተው ይፈትሹ ነበር። ያን ቀን አልፈተሹም። "ዛሬ ሌላ ድምፅ በጆሮዬ አላስገባም" አሉ።

ስምንት ዘፈን ነበር። የመጀመሪያው ሲጀምር ጊታሩ ነፋስ እንደመታው ቆርቆሮ መጣ። የኢዮብ ድምፅ ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ከሥሩ ምንም የለም። የናስር ድራም ካርቶን በጣት እንደሚነካካ ሰው ይሰማል። ገመቹ ጋቢናው ውስጥ መሃል ተቀምጦ ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ የራሱን ዜማ ይከተላሉ፣ ከድምፁ ውስጥ ራሱን ይፈልጋል። አራተኛው ዘፈን ላይ ጣቶቹ ቆሙ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት፣ ግን ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ አልጠረጠርኩም።

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። "እጅ" አሉ ጋሽ ሽፈራው። ግንባር፣ ጉሮሮ፣ ግንባር፣ ግንባር። ሆዱን የያዘ አንድም ሰው የለም። ደረቱን የያዘም የለም። ያኔ ጋሽ ሽፈራው በስድስት ዓመት አይቼው የማላውቀውን አደረጉ፤ የራሳቸውን ሕግ ሰብረው ተናገሩ።

"ኢዮብ፣ ገመቹን የት ቀበርከው?"

"ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? አለ እኮ።"

"የታለ? አሳየኛ።"

"እኔ ቤት ይሰማል። በእናቴ ይሰማል።"

"አቦ ተወው" አለ ገመቹ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ቤቱ ወስዶ ብቻውን ነው የሠራው። አራት ወር ከሁሩታ የተመላለስኩት ለዚህ ነው። በፊት በጠርሙስ፣ አሁን በኮምፒውተር።"

"የኔስ?" አለ ናስር። "እኔ ካርቶን ነው የመታሁት?"

ኢዮብ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ገመቹ በቴስታ አለው። አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁት። ከጋቢናው ተያይዘው መሬት ወረዱ። የኢዮብ ሰፈር ልጆች ገመቹ ላይ ወደቁበት፤ አንዱ ድንጋይ አንስቶ ጀርባውን ደበደበው። ናስር የክሪኩን ብረት ከወንበሩ ሥር መዝዞ ድንጋይ የያዘውን ልጅ ትከሻ ላይ አሳረፈበት። ልጁ ክንዱ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ጋሽ ሽፈራው በፒንሳቸው ጀርባ ያገኙትን ሁሉ ይመታሉ፣ አስታራቂውንም ተጣዪውንም። ደም በደም ሆነን ማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። እኔም መትቻለሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ጥርስ ጣቴን ቀዶታል።

ኢዮብ በዚህ መሃል አምልጦ ወደ መኪናው ዞረ። ሊሸሽ አይደለም። ፍላሹን ሊያወጣ ነው። ግራ እጁን በሩ መግቢያ ላይ ይዞ፣ በቀኙ ወደ ቴፑ ተንጠራራ። ገመቹ ከመሬት ተነስቶ በሩን በሙሉ እግሩ ረገጠው።

የጭነት መኪና በር ከባድ ነው። ግን አልተዘጋም፤ መሃሉ ላይ ጣት ነበረበት። ኢዮብ ወዲያው አልጮኸም። ዞሮ ገመቹን አየው፣ ከዚያ እጁን አየ። ገመቹ ራሱ በሩን ከፈተለት፣ ከዚያ ሮጠ።

በማግስቱ ማልጄ ስገባ ጋሽ ሽፈራው ናስር መኪና ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የግራው በር ሽፋን ተፈትቷል። ያሰርኩት ሽቦ ጭናቸው ላይ ነው፤ ስፒከሩን በሌላ ሽቦ መልሰው አስረውታል። የበሩ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል።

"ና ግባ" አሉኝ።

ገባሁ። ምንም ሳይናገሩ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈቱ። አልበሙን የሰማሁት ያኔ ነው። የገመቹ ባስ ከወንበሩ ሥር ተነስቶ አንጀቴን ያዘኝ፤ ዘፈኑን በሙሉ ተሸክሞት ይሄድ ነበር። ኢዮብ አልቀበረውም። ከራሱ ድምፅ በላይ አውጥቶታል። የራሱን ጊታር ዝቅ አድርጎ ለገመቹ መንገድ ለቆለታል። ከዚያ ናስር ገባ፣ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ሳላስበው እጄ ሆዴ ላይ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ደረታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሽቦውን አነሱ። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ "ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ..."

"እኔ ነኝ አልኩህ። ጥቁር ሽቦ የምገዛ እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ የከፈትኩ እኔ ነኝ። ያንን ቃል የተናገርኩም እኔ ነኝ። አንተ ብትላቸው ይገድሉሃል። እኔን ቢበዛ ይመቱኛል። ገባህ?"

ዐይኔን ከሽቦው ላይ አላነሳሁም።

"ገባህ ወይ?"

"ገባኝ" አልኩ። ከሕይወቴ ውስጥ አንድ ቃል መልሰህ ዋጥ ብባል እሱን ነው የምውጠው።

መጀመሪያ ኢዮብ የተኛበት ሐኪም ቤት ሄደው ነገሩት። ኢዮብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ሁሩታ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ሲመለሱ ፊታቸው አይታወቅም። ዐይናቸው ተዘግቷል፣ ከቀኝ ጆሯቸው የወጣው ደም አንገታቸው ላይ ደርቋል። የገመቹ ወንድሞች ናቸው፤ ገመቹም እጁን አንስቷል። ያ ለአራት ቆጠራ ሰው የፈነከተ፣ በጥፊ ለመማታት መኪና ላይ የሚወጣ ሰውዬ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ነው የተመታው።

"ለምን አልተከላከሉም?" አልኳቸው፣ ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጬ ፊታቸውን እያጠብኩ።

"ተራዬ ነበር" አሉኝ።

ቀኝ ጆሯቸው ከዚያ በኋላ አልሰማም። ለማንም አልነገሩም። ሰው ሲያናግራቸው ግራቸውን ያዞራሉ፤ ሰዉ ኮሩ ይላል። ሙዚቀኞቹም ቀስ በቀስ መምጣት አቆሙ። "የራሱን ሽቦ የገለበጠ" ይባሉ ጀመር፣ የአዳማ ልጅ ለቅጽል ስም መቼ ይሰንፋል። አልበሙ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ሰውም ወደደው። ገመቹንና ኢዮብን ሽማግሌዎች አስታረቁ። ግን "ሦስት መንገድ" አንድም ቀን መድረክ ላይ አልቆመም። የኢዮብ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

እኔ ዓመት ሳይሞላ ለቅቄ ዱከም ገባሁ። ያንን የአንገት መዞር ማየት አልቻልኩም። ስሰናበታቸው መሣሪያ እየለቀሙ ነበር፣ ቀና አላሉም። "እኔ እስካለሁ ድረስ አፍህን ዝጋ" ብቻ አሉኝ። ለዓመታት እንደ ትእዛዝ ያዝኩት፣ ተመቸኝም። እስከ መቼ እንደሆነ የተናገሩትን ልብ ያልኩት፣ የናስር ስልክ ከተዘጋ በኋላ እዚያ ማሽን አጠገብ ስቆም ነው። እፎይታዬም እዚያው አለቀ።

ለሠልስቱ አዳማ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ግማሹ ሹፌር ነው። ናስር፣ ገመቹና ኢዮብ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጨዋታው ስለ ሟች ነው፤ ማንን እንደመቱ፣ ማንን እንደሰደቡ ይነገራል፣ ይሳቃል። ከዚያ አንድ ሰው "ብቻ ያን ጆሮ ይዘው አንዲት ሽቦ አዋረደቻቸው" አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ሴት ልጃቸው ሰላም ዳቦ እያደለች ነበር። ሰምታ አንገቷን ደፋች።

ተነሳሁ። "ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሳቸው አልነኩትም። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። በማግስቱ አወቁ፣ በራሳቸው ላይ ወሰዱት። ሁሩታ ላይ የተመቱት የኔን ነው። ቀኝ ጆሯቸው የደነቆረው በኔ ነው። እኔ ዝም አልኩ።"

ገመቹ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። "ዋቆ" አለ ቀስ ብሎ፣ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ። "ያን ሽማግሌ መታሁ።"

ኢዮብ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ መጣ። አጠገቤ ደርሶ ትንሽ አየኝ። ቡጢ መጨበጥ አይችልም፣ ጣቶቹ እምቢ ይሉታል። በግራ እጁ፣ በተዘረጋው መዳፉ፣ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አሳረፈብኝ። አግዳሚው ላይ ተንከባልዬ ወደቅሁ። ሰዎች ሊይዙት ተነሱ።

"ተዉት" አለ ናስር።

ቀኝ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ሌላ ነገር አይሰማበትም። ሦስቱም ቆመው ያዩኛል። ማንም ምንም አላለም፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። የተመታሁት ጆሮዬን ነው፤ እጄ ግን ሆዴ ላይ ነበር።